ወንዙ ያሻገረው መሬት

ወንዛችን ካርታ ላይ ስም ያለው አይመስለኝም። ከላይ ያሉት ሰዎች በአንድ ስም ይጠሩታል፤ ከታች፣ ወደ ቆላው ያሉት በሌላ። መሃል ያለነው «ወንዙ» እንለዋለን። ሌላ ወንዝ ስለሌለን አይምታታብንም።

የሚነሳው ከጮቄ ተዳፋት ሥር ካለ ጨፌ ነው። እዚህ ነው ብለው በጣት የሚያሳዩት ምንጭ የለውም። ሣሩን ሲረግጡት ውሃ ያወጣል። ያ ውሃ በከብት ኮቴ ጉድጓድ ውስጥ ይቆማል፤ ከአንዱ ኮቴ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ከወረደ በኋላ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ባለቤቴ ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ ይዞኝ ወጥቶ አሳይቶኛል። ጫማዬን አውልቄ ስቆምበት ብርዱ እስከ ጉልበቴ ወጣ። «ይኼ ነው እኛን የሚያበላን» አለኝ። ሳቅሁበት። ያን የምታህል እርጥበት ሰው ታበላለች ብዬ አላሰብኩም።

ከጨፌው ወርዶ በባሕር ዛፍ መሃል ያልፋል፤ እዚያ ይቀጥናል። ከዚያ ከምሥራቅ የምትመጣ አንዲት ጅረት ትቀላቀለዋለች። እሷ ቀይ አፈር ይዛ ስለምትመጣ ከተገናኙበት በታች ውሃው ክረምት ክረምት ደም ይመስላል። ከደብረ ማርቆስ ወደ የጁቤ የሚወስደው መንገድ በድልድይ ይሻገረዋል፤ እዚያ መኪና የሚያጥቡ ሰዎች አይጠፉም። ከድልድዩ በታች የቤተ ክርስቲያኑ የጽድ ደን፣ ከደኑ በታች ታቦት የሚያድርበት የጥምቀት ሜዳ፣ ከሜዳው በታች የእኛ ማሳዎች። ከእኛ በኋላ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ረጋ ብሎ ይሄድና መሬቱ በድንገት ያልቅበታል። ገደሉን ዘልሎ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ስሙን ይቀይራል፤ ከትልቁ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ ዓባይ። ባለቤቴን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስወስደው አውቶቡሱ ደጀን ላይ ቆሞ ነበር። ቁልቁል ወደ በረሃው እያየ «የእኛም ውሃ እዚያ ውስጥ አለ» አለ። በመስኮት ሙዝ የምትሸጥ ሴት ሰምታው «የትኛው ነው የእናንተ? ጥሩትና ይምጣ!» ብላ ሳቀችበት። እሱም አብሯት ሳቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሲስቅ አላየሁትም።

ማሳችን ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነበር። ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርድና እኛ ዘንድ ሲደርስ እንደ ክርን ወደ ምዕራብ ይወጣል፤ ግማሽ ጥማድ የምትሆን መሬት ዞሮ ተመልሶ መንገዱን ይይዛል። ያቺ በክርኑ ውስጥ ያለችው መሬት የእኛ ናት። በሦስት ጎኗ ውሃ፣ በአንድ ጎኗ የቀረው ማሳችን። አፈሯ ጥቁር ነው፤ ጠጠር አይገኝባትም። ከቤቴ ተነሥቼ እግሬን ሳላርስ እደርስባት ነበር። ከክርኑ ማዶ፣ በምዕራብ በኩል፣ የጎረቤታችን መሬት ነው።

መሬት ተለክቶ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ እኔም አብሬ ቆሜ ነበር። ለካዮቹ «በምዕራብ ምን ያዋስናችኋል?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ «ወንዝ ብላችሁ ጻፉ» አለ። እኔ «የሰውየውም ስም ይጻፍ፣ ድንጋይም ይተከል» አልኩ። በሰው ፊት ስናገር ደስ አይለውም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልተቆጣም።

«አንቺ ደግሞ! ወንዝ የት ይሄዳል?»

ለካዮቹም ሳቁ። ጻፉ። ደብተሩ ላይ የሁለታችን ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። እሱ እዚያም ላይ ሊስቅ የተዘጋጀ ይመስላል።

ሰኔ ላይ ሞተ። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሄደ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከእኛ በላይ የነበረ ትልቅ ሾላ በጎርፍ ተነቅሎ ከክርኑ መግቢያ ላይ ተጋደመ። ከላይ የመጣው ግንድና ቅርንጫፍ ሁሉ እሱ ላይ ተከመረ። ሁለት ቀን ሳያባራ ሲዘንብ ውሃው መዞሩን ተወና የክርኑን አንገት በጥሶ ቀጥ ብሎ ወረደ። ጠዋት ስወጣ በቤቴና በመሬቴ መሃል ድፍርስ ውሃ ይጋልባል። መሬቴ ማዶ ሆናለች። አሮጌው የወንዝ መሄጃ በደለል ተሞልቶ ከጎረቤታችን ማሳ ጋር እኩል ሆኗል።

አልጮህኩም። ለሁለት ወር ስጮህ ስለከረምኩ ድምፅ አልነበረኝም። ግን «ይኸው ሄደልህ!» አልኩ፤ ለባለቤቴ ነው ያልኩት። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ደግ እንዳልሆነ የንስሐ አባቴ ነግረውኛል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ሆኖም ያን ጠዋት ከሐዘኔ ይልቅ ንዴቴ አቆመኝ። እሱ ሊመልስልኝ የማይችል ጥያቄ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ ደብተሩን ከሣጥን አወጣሁና ደጋግሜ አነበብኩት። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። «ወንዝ» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ቢያነቡት ቢያነቡት ሌላ ነገር አይወጣውም።

ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለም። የባለቤቴን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ በሐዘኑም ሰሞን ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ውሏል። ኅዳር ላይ ውሃው ሲጎድል ግን በሬዎቹን ጠምዶ ደለሉን ከማሳው ጋር አብሮ ገለበጠው፤ ከዚያ ሳይቆም ወደ እኔ መሬት ቀጠለ። ቀሚሴን ሰብስቤ ተሻገርኩ።

«ወንድምዬ፣ በሬዎችህ የኔ መሬት ላይ ናቸው» አልኩት።

«እቴ፣ እንዴት ዋልሽ» አለኝ በመጀመሪያ። እርፉን አልለቀቀም። «መሬቱማ ከወንዙ ወዲህ ሆነ። ደብተርሽ ምን ይላል? ወንዝ ይላል። የኔም ወንዝ ይላል። እኔ አላልኩትም።»

«ደብተሩ የሚለው ያኔ የነበረውን ወንዝ ነው።»

«ወንዝ ወንዝ ነው።»

«እንግዲያው ለከርሞ በጓሮዬ ቢያልፍ ዶሮዎቼ ያንተ ሊሆኑ ነው?»

ሊስቅ ነበር፤ ከንፈሩን አይቻለሁ። ነገር ግን ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረና «ሃ!» አላቸው።

ቤቴ ስመለስ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶታል።

«ጥቁር ለብሰሽ ድንበር ትከራከሪያለሽ?» አለኝ። «ሰው ምን ይላል? መሬቱን ለኔ ስጪኝ። በእኩል አርሰዋለሁ፤ ምርቱን እንካፈላለን። ከሰውየው ጋር እኔ እነጋገራለሁ፤ ወንድ ለወንድ እንግባባለን።»

«ወንድ ለወንድ ተግባብታችሁ አይደል ወንዝ ብላችሁ ያስጻፋችሁት?» አልኩት።

ተነሥቶ ሄደ። ለሦስት ወር ያህል ቤቴን አልረገጠም። ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ድምፁ የወንድሙን ድምፅ ይመስላል። ግን አልለመንኩትም።

በጥር መጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንድ ቄስና ሁለት አዛውንት ናቸው። ማሳው ላይ በእግራቸው ተዘዋወሩና «የዱሮው ወንዝ በየት በየት ነበር?» ብለው የአካባቢውን ወንዶች ጠየቁ። አንዱ እዚህ ጋ አለ። ሌላው ሃያ እርምጃ ወዲያ ሄዶ አይ፣ እዚህ ጋ ነው አለ። ሦስተኛው መሃላቸው ቆመ። ውሸት አልነበረም። እዚያ የሚወርዱት ከብት ሊያጠጡ ብቻ ነበር፤ ከብት የሚጠጣው በአንድ መሻገሪያ በኩል ነው፤ ከመሻገሪያው ውጭ ያለውን ወንዝ ዐይተውታል እንጂ አያውቁትም። ደለሉ ሸፍኖት፣ ማረሻ አልፎበት ምን ይታወቃል?

«ምልክት ከሌለ እኛስ ምን እናድርግ፣ ልጄ» አሉኝ ከአዛውንቶቹ አንዱ። «ደብተሩ ያለውን እንይዛለን። የዛሬ ሳምንት ተመልሰን እንጨርሰዋለን።»

«አባቴ፣ እርስዎ የዛሬ ሳምንት ሲመጡ እኔም እዚሁ ነኝ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ምንም ሳይኖረኝ ነው።

በዚያው ሳምንት ግብጦ ልዘፈዝፍ ወረድኩ። ግብጦ መራራ ጥራጥሬ ነው። ይቀቀላል፤ በጆንያ ይሞላል፤ ከዚያ በሚፈስ ውሃ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ይከርማል፤ ምሬቱን ወንዙ ይወስድለታል። በእኛ ሰፈር እያንዳንዷ ሴት ለጆንያዋ የራሷ ቦታ አላት። ዳር ላይ ድንጋይ በክብ ትደረድራለች፤ መሃሉ ላይ የወይራ ካስማ ትመታለች፤ ጆንያውን ከካስማው ጋር ታስራለች። ሙሽራ ስትገባ አማቷ በመጀመሪያው ሳምንት ይዛት ወርዳ ቦታውን ታስረክባታለች። እኔንም አማቴ እንዲሁ ነው ያስረከቡኝ፤ እጄን ይዘው ውሃው ውስጥ ከተቱና ካስማውን አስጨበጡኝ። በሰው ቦታ ላይ ጆንያ ማሰር ከሰው ጓሮ ጎመን እንደ መቁረጥ ነው።

ወንዙ ከሄደ ወዲህ ግን የማንም ቦታ የለም። አዲሱ መሄጃ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ይጨቃጨቃሉ።

«እኔ ካንቺ በላይ ነበርኩ!»

«ኧረ አልነበርሽም! ያንቺ መራራ ውሃ በኔ ጆንያ ላይ ሲያልፍ አሥር ዓመት ታግሻለሁ።»

«እኔ ከሁለታችሁም በታች ነበርኩ፤ የሁለታችሁንም ጠጥቻለሁ፤ ለዚህ ነው ምላሴ እንዲህ የሆነው» አለች ሦስተኛዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

ጆንያዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። እነዚህ ሴቶች የዱሮውን ወንዝ ክንድ በክንድ ያውቁታል። ማን ከማን በላይ፣ ማን ከማን በታች፣ ስንት እርምጃ። በየዓመቱ ጎንበስ ብለው እጃቸውን የነከሩበት ነው። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም ራሴ፣ ደብተር ሳነብ የከረምኩት ሴት፣ አልጠየቅኋቸውም።

የሽማግሌዎቹ ቀን ሲደርስ አሥራ አንድ ሴቶች ይዤ ሄድኩ።

«ይኼ ሁሉ ሴት ምንድነው?» አለ ጎረቤታችን። «ልቅሶ አለ እንዴ?»

ከአዛውንቶቹ አንዱም «በድንበር ነገር የሴት ምስክር አልለመድንም» አሉ።

«አባቶቼ፣ አይመስክሩ» አልኩ። «አንድም ቃል አይናገሩ። የግብጦ ቦታቸው ላይ ይቁሙ ብቻ።»

ቄሱ «መቆምማ ማን ይከለክላል» አሉ።

ሴቶቹ በታረሰው መሬት ላይ ተበተኑ። መጀመሪያ ማንም አላገኘም። ዞር ዞር ይላሉ፣ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ። ጎረቤታችን በምርኩዙ ጓል እየመታ ይጠብቃል። ያኔ ከሁሉም የሚበልጡት አሮጊት ጮኹ።

«ምነው ቆማችሁ ትፈልጋላችሁ? እኔ ይኼን ወንዝ ቆሜ አላውቀውም! ጎንበስ በሉ እንጂ!»

ቀሚሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰብስበው ጎነበሱና ራሳቸውን ወደ ጎን አዞሩ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚያዩት። «ጉልላቱ በሁለቱ ጽዶች መሃል መግባት አለበት» እያሉ ጎንበስ እንዳሉ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። «ገባ! እዚህ ነኝ!» ዶማ አቀበልኳቸው። እስከ ክንድ ድረስ ደለሉን ቆፈሩ፤ ድንጋዩ በክብ እንደተደረደረ ወጣ፤ መሃሉ ላይ የወይራው ካስማ፣ ጠቁሮ፣ አልበሰበሰም። «የአማቴ እናት የመታችው ነው» አሉ ለቄሱ። «እርስዎ ሳይወለዱ።»

ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። አሥራ አንድ ሴቶች ጎንበስ ብለው ከወገባቸው ታጥፈው መሬቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ከሩቅ ያየ ምን እንዳሰበ አላውቅም። አንዷ ካገኘች ቀጣይዋ ከሷ እየቆጠረች ታገኛለች። «አንቺ እዚያ ከሆንሽ እኔ አምስት እርምጃ ታች ነኝ፤ አይ፣ ስድስት፤ መሃላችን ሙጃ ነበር።» እኔም የራሴን ቆፍሬ አገኘሁ። ቀና ስንል፣ በመሬቴ ምዕራባዊ ዳር፣ እንደ ክርን ታጥፈን ቆመናል።

ጎረቤታችን ግን ሞኝ አይደለም።

«መልካም» አለ። «ይኼ የናንተ ዳር ነው እንበል። የኔ ዳርስ የት ነው? ወንዙ አምስት ክንድ ይሁን ሃምሳ ክንድ በምን ይታወቃል? ያለ ማዶ ወንዝ አለ?»

እውነት ነበረው። ከምዕራብ በኩል ያሉ ሴቶች አልመጡም፤ እኔም አልጠራኋቸውም፤ ከባሎቻቸው ጋር ላጣላቸው አልፈለግኩም።

ያኔ ሚስቱ መጣች። ከቤቷ በር ላይ ቆማ ስታይ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ቁልቁል ወረደች። ባሏን አላየችውም፤ እኔንም አላየችኝም። ወደ እኔ አቅጣጫ መጣች፤ ስምንት እርምጃ ሲቀራት ቆመች፤ ጎነበሰች፤ ጉልላቱን አየች። ከዚያ በእጇ መቆፈር ጀመረች። ዶማዬን ወረወርኩላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በውሃው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተቀምጠን ግብጦ አጥበናል፤ ልጅ ስትወልድ የሰማሁት እዚያ ነው፤ ባለቤቴ መታመሙን መጀመሪያ የነገርኳት እዚያ ነው። ካስማዋ ወጣ።

«እኔ የቆምኩበት ያንተ ነው» አለችው ባሏን። «እሷ የቆመችበት የሷ ነው። ወንዙ መሃላችን ነበር።»

«አንቺ ሴት...» አለ።

«ቤት ስንገባ ትቆጣኛለህ። አሁን ድንጋይ አምጣ።»

አመጣ። ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል፤ የመጀመሪያውን የድንበር ድንጋይ ተሸክሞ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ከሰል አስቀበሩ። ድንጋይ ሰው ሊያነሳው ይችላል፤ ከሰል ግን መሬት ውስጥ አይበሰብስም፤ የተጠራጠረ ቆፍሮ ያየዋል። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴም መጥቶ አይቶ ፈረመበት።

ነገሩ ሲያልቅ የባለቤቴ ወንድም ተመልሶ መጣ። «እሺ፣ አሸነፍሽ» አለኝ። «አሁንስ ማን ሊያርስልሽ ነው? በክረምት ያ ውሃ ሲሞላ በሬ አይሻገርም። በእኩል ለኔ ወይም ለጎረቤትሽ መስጠትሽ አይቀርም።» የተናገረው በሬውን በሚመለከት ትክክል ነበር። ስለዚህ በሬ የማይፈልግ ነገር ተከልኩ። ግንቦት ላይ በዶማ ቆፍሬ፣ በጀርባዬ ዘር እያሻገርኩ፣ ግማሽ ጥማዱን ድንች አለበስኩት። አሥራ ሰባት ቀን ፈጀብኝ። እጄ ተላጠ። ይህንንም ጽሑፍ በቀን አንድ ገጽ ብቻ የምጽፈው ጣቶቼ ገና ብዕር ስለማይጨብጡልኝ ነው፤ ሰው ግን በሐዘን የተነሣ ነው ይለኛል። ሁለቱም ይሆናል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ድንቹ ኩትኳቶ ደረሰ። ውሃው ሞልቷል። ለሦስት ቀን ጎደለ አልጎደለ እያልኩ ዳር ላይ ተመላለስኩ፤ በአራተኛው ቀን ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ረጅም ዱላ ይዤ ገባሁ። የባለቤቴ ወንድም ከኋላዬ ከዳገቱ ላይ አየኝ።

«ኧረ ሴትዮ! ይወስድሻል! ተመለሽ!»

ውሃው ጉልበቴን አልፎ ጭኔ ላይ ደረሰ። ቀይ ነው፤ ሥሩ አይታይም። ዱላውን ከላይ በኩል ተከልኩ፤ አንድ እግር አነሣሁ፤ አስቀመጥኩ።

«መሬቱ ይቅርብሽ! ድንች ነው እኮ! ድንች እገዛልሻለሁ!»

«የኔ ድንች ማዶ ነው!» አልኩት። ከውሃው ድምፅ በላይ ለመሰማት ጮኼ ነው ያልኩት። ከለቅሶዬ ሰሞን ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ድምፄ እንዳለ ያኔ አወቅሁ።

ማዶ ወጣሁ። ቀሚሴን ጨመቅሁ። መሬቴ ላይ ድንቹ እስከ ጉልበቴ ደርሶ አብቧል። ከላይኛው መደብ ጀምሬ አፈሩን ወደ ሥሩ እያቀፍኩ ወረድኩ። ጎረቤቴ ከድንጋዮቹ ባሻገር ስንዴውን ሊያይ መጥቶ ቆመ። ከየካቲት ወዲህ አልተነጋገርንም ነበር።

«በታች በኩል ቦይ ቁረጪለት፤ ውሃ ይተኛበታል» አለ ፊቱን ወደ ስንዴው አድርጎ።

«እቆርጥለታለሁ።»

«ስትመለሺ በላይኛው በኩል ተሻገሪ። እዚህ ታች ጥልቅ ነው።»

«አውቄበታለሁ» አልኩት።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። እሱ ሄደ። የቀሩኝ አራት መደቦች ናቸው።